ኪስ የሌለው ካፖርት

ክረምት ሲገባ ደብረ ማርቆስ ላይ ጉም ይተኛል። ጠዋት በሬን ስከፍት የፊት ለፊቱ ቤት የለም። የመብራት እንጨቱ የለም፤ ማስታወቂያው፣ ሽቦው፣ ከቆርቆሮው ጫፍ የተንጠለጠለው ላስቲክ ሁሉ የለም። ሰው ክረምትን ያማርራል፤ ልብስ አልደርቅ አለ፣ ጭቃው በዛ፣ ባጃጅ ጠፋ ይላል። እኔ ግን ጉም ሲወርድ ደስ ይለኛል። ጉም ዝባዝንኬ አይወድም። በመንገድ የሚያልፈው ሰው ደረቱ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ አይታይም፤ ቁልፉ አይታይም፤ የቀበቶው ብልጭልጭታም አይታይም። የሚታየው ትከሻው ነው፤ ከትከሻው የሚወርደው ጨርቅ እንዴት አድርጎ እንደሚወርድ ነው። ከዚያ ሰውዬው ራሱ ይጠፋና ነጩ ብቻ ይቀራል። ለእኔ ልብስ ማለት ይኸው ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ከዚያ በፊት የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ክፍለ ጊዜ በሌለኝ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ብርድ ልብስ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ስልኬን እጎረጉር ነበር። አንድ ቀን የወንዶች ፋሽን ትርኢት ድንገት ፊቴ መጣ። በአንድ ትልቅ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ረጃጅም፣ ፊታቸው የማይፈታ ወንዶች አንድ በአንድ ይመጣሉ። ከአመድ፣ ከጥላሸት፣ ከወተት በቀር ቀለም የለም። ካፖርቱ ኮሌታ የለውም፤ ቁልፉ ተደብቋል፤ ሱሪው አንድ ጊዜ ብቻ ታጥፎ ጫማው ላይ ያርፋል። ሰዎቹ ይመጣሉ፣ ዞር ይላሉ፣ ይሄዳሉ። ሌላ ምንም የለም።

ኔትወርኩ ደግሞ ይቆራረጣል። አንዱ ሰውዬ ገና እግሩን እንዳነሳ፣ የካፖርቱ ጠርዝ ገና እንደተገለበ፣ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ሌላው ሰው በዚህ ጊዜ ስልኩን ይሳደባል። እኔ ግን ያቺን ያልወረደች ጠርዝ ሳይ እቆያለሁ። የት ላይ ተሰፍታ ነው እንዲህ የምትነሳው? እጅጌው ከየት ተነስቶ ነው ትከሻውን የማይሸበሽበው? ኔትወርኩ ጥሩ ቢሆን ኖሮ እስካሁን መምህር እሆን ነበር።

በፈረንጅ አፍ ሚኒማሊዝም ይሉታል። በእኛ አፍ ምን እንደምለው ብዙ አስቤ አላገኘሁለትም። ከጨርቁ ላይ አንድ ነገር ታነሳለህ፤ ከዚያ ሌላ ታነሳለህ፤ የሚቀጥለውን ብታነሳ ልብሱ የሚፈርስ ሲመስልህ ታቆማለህ። ማስተማሩን ስተው ሰው ሁሉ ያበድኩ መሰለው። እኔም አንዳንድ ቀን ይመስለኝ ነበር።

ሱቁን የያዝኩት ከአንዲት ደሴ ተወልዳ ካደገች ሴት ጋር ነው። ባሏ የመንግሥት ሥራ ይዞ ሲዛወር አብራው መጣች። የሠርግ ሱፍ የምትሰፋው እሷ ናት፤ የሚያብለጨልጭ ኮሌታ፣ በወርቃማ ክር የተጠለፈ ደረት፣ ለሙሽራው አንድ ዓይነት፣ ለሚዜው ሌላ ዓይነት። ቤቱን ያኖረው የሷ ብልጭልጭ ነው። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ከጨርቅ ላይ ነገር ስቀንስ እውላለሁ።

«ደግሞ ዛሬ ምኑን ልትነቅለው ነው?» ትለኛለች የስፌት መኪናዋን ሳታቆም።

«ኪሱን።»

«ወላሂ፣ ኪስ ምን በደለህ? ሰውዬው እጁን የት ያድርገው?»

«እጁን ይልቀቀው።»

«በዚህ ብርድ!» ትልና ትስቃለች። ሳቋ ያናድደኛል፤ ደግሞ ካልሳቀች ሱቁ ይጨልምብኛል።

እንዲህ ያለው ዓይን ከስልክ ብቻ አልመጣብኝም። ያደግኩት ከሮብ ገበያ አለፍ ብሎ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ነው። እዚያ ጉም እንደ ቤተሰብ ነው፤ ሲፈልግ ገብቶ ይቀመጣል። አባቴ ሰው ጠይቀው ወይም ገበያ ውለው ሲመለሱ እናቴና እኔ ደጅ ቆመን እንጠብቃቸዋለን። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ጉሙ ውስጥ ትንሽ የሚነጣ ነገር ይታያል። ይነጣል፣ ይረዝማል፣ ይወዛወዛል። ፊታቸውን ሳላይ፣ ድምፃቸውን ሳልሰማ፣ ኩታቸውን ብቻ አይቼ የት እንደዋሉ አውቃለሁ። ዛሬ ላይ ሳስበው፣ በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያው የፋሽን ትርኢት እሱ ነበር።

ኩታው አንድ ነው። ቁልፍ የለው፣ ስፌት የለው፤ ጫፉ ላይ ቀጭን ጥለት ብቻ አለው። አንደኛውን ጫፍ ግራ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከመጡ ደኅና ውለዋል ማለት ነው። ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ አንገታቸው ላይ ካረፈ ሰው ሞቷል፤ ለቅሶ ውለው መምጣታቸው ነው። እናቴ ያንን ከሩቅ ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ማን ይሆን እያለች ትጠብቃለች። ኩታውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ ከታጠቁት ደግሞ ከተከበረ ሰው ፊት ቆመው ነበር ማለት ነው። ያ ማደግደግ ነው። ከትልቅ ካህን ዘንድ ወይም ከሽማግሌዎች ጉባኤ ሲመለሱ አባቴ ኩታውን መፍታቱን ይረሱታል። ትከሻቸው ብርድ እየመታው እንደታጠቁ ደጃችን ይደርሳሉ።

ለእኛ ለልጆቻቸው አደግድገው አያውቁም። ምን ሲደረግ? ሰው ለወለደው ልጅ አያደገድግም። የምናደገድገው እኛ ነበርን።

ማስተማር መተዌን ስነግራቸው አባቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እሺ» አሉና ስለ ገብሱ ማውራት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ በእናቴ ስልክ እንደተረዳሁት፣ ሰው «ልጅዎ እንዴት ነው?» ሲላቸው «ደኅና ነው፣ ያስተምራል» ይላሉ። ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት አለፈ፤ እኔ በአባቴ አፍ አሁንም አስተምራለሁ።

«ምን ይበሉ ልጄ?» አለችኝ እናቴ። «ልብስ ሰፊ ነው ቢሉ የሰዉን አፍ አታውቀውም?»

አውቀዋለሁ። እኛ አገር ሰው ሸማኔው የሠራውን ለብሶ ይኮራል፤ ሸማኔውን ግን ከቤቱ አያስጠጋም። ልብስ ሰፊም ከዚያ ብዙ አይርቅም። መምህር የተባለ ልጅ ተመልሶ መርፌ ሲይዝ አባት አንገቱን ይደፋል። ይህን ሁሉ አውቄም ቅር ይለኝ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ የራሴን ቤት ይዤ፣ ከአባቴ አፍ አንዲት ቃል እንዲወጣ እንደ ሕፃን እጠብቅ ነበር። ልጄ ልብስ ሰፊ ነው እንዲሉ። ሌላ አልፈለግኩም።

ለዚህ ነው ካፖርቱን የሠራሁላቸው። ከበግ ጠጉር ከተሠራ ባና፣ ግራጫ፣ እስከ ጭን የሚደርስ። ኮሌታ የለውም። ቁልፉ ከውስጥ ነው። ኪስ የለውም። ትከሻው ላይ ብዙ ለፋሁበት፤ ፈታሁት፣ መልሼ ሰፋሁት፣ ደግሜ ፈታሁት። የአባቴ ግራ ትከሻ ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ ሲያርሱ የኖሩበት ነው። ሁለቱ እኩል እንዲመስሉ ማድረግ ይቻል ነበር። አላደረግኩም። ጨርቁ የሳቸውን ትከሻ ተከትሎ እንዲወርድ ተውኩት።

ይዤው አገር ቤት ሄድኩ። አባቴ ለበሱት፤ እጆቻቸው ወደ ጎን ሄደው ኪስ ፈለጉ፤ ሲያጡ ጨርቁን ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ሞቅ ይላል» አሉ።

«ደስ አለዎት?»

«እግዜር ይስጥልኝ። ለክት ይሁንልኝ» ብለው አወለቁት።

እናቴ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ከግድግዳው ምስማር ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲያ በበዓልም ስሄድ፣ በሠርግም ስሄድ፣ ካፖርቱ ያው ምስማሩ ላይ ነው። ክት የሚባለው ነገር ሲያሳዝነኝ ኖሯል። የሚወዱትን ልብስ ክት ይሉታል፤ የማይፈልጉትንም ክት ብለው ይሰቅሉታል፤ ከምስማሩ ላይ ሆኖ የትኛው እንደሆነ አይለይም።

ባለፈው ክረምት መግቢያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሱቅ ድረስ መጡ። የልብስ ትርኢት ሊያሳዩ ነው፤ የወንዶቹን ክፍል ያንተ እናድርገው አሉኝ። እስከዚያን ጊዜ በከተማችን የልብስ ትርኢት ማለት ያሸበረቀ ቁምጣ፣ የከረረ ከበሮ፣ ትከሻው እስኪገነጠል የሚመታ እስክስታ ነበር። እሱንም እወዳለሁ፤ ግን ዓይኔ ያረፈው ሌላ ቦታ ነበር። እሺ አልኩና ለእናቴ ደወልኩ። አባቴ ይምጡልኝ አልኩ። ምን እንደሆነ ሳልዘረዝር ያለሁበት ሥራ ነው፣ ይዩልኝ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንደ እንቅልፍ ነው የማስታውሰው። ባልደረባዬ ለቤተሰብ ሠርግ ደሴ ሄዳ ነበርና ሱቁ ጸጥ ብሏል። ከውጭ ጉም፣ ከውስጥ ነጭ ጨርቅ። ከሸማኔ ያመጣሁትን ረዥም ነጭ ሸማ በትከሻ እያለፈ እስከ ቁርጭምጭሚት እንዲወርድ አደረግኩት። ግራጫ ቀጭን ጥለት ነበረው። ታች ሲሆን ጥለቱ ዓይን ይይዛል፤ አወራረዱን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ጨርቁን ገልብጬ ጥለቱን ወደ ላይ አዞርኩት። አንገት ላይ ሲያርፍ ራሱን ችሎ ኮሌታ ሆነ። መርፌ እንኳ ሳያስፈልገው! ከሥሩ ጥቁር ባና። በደስታ ብቻዬን ሳቅኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር በዚያች ሰዓት ራሴ ውስጥ አልነበረም፤ ራሴን የሞሉት የስልኩ ሰዎች ነበሩ።

ለተማሪዎቹ ሕግ አወጣሁ። አትሳቁ። አትቸኩሉ። እጃችሁን ልቀቁት። ዓይናችሁ ሩቅ ይይ። ዘፈን አይኑር አልኩ። አንዱ «ምንም?» አለኝ፤ «ምንም» አልኩት፤ የጨርቁ ድምፅ ይሰማ።

ቀኑ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነው። በአዳራሹ የፊት ወንበር፣ እንደ ደንቡ፣ ለሽማግሌዎችና ለትልልቅ ሴቶች ተለቅቋል። አባቴ ከአገር ቤት መጡ። እናቴ ከብቶቹን ማን ያይልኛል ብላ ቀርታለች። ከበሩ ስቀበላቸው ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ካፖርቱን ፍለጋ ነበር። ኩታቸውን ከአንገታቸው እስከ ጉልበታቸው ጥቅልል አድርገው ለብሰዋል፤ እጃቸው እንኳ አይታይም። ከታች የሚታየው ሱሪያቸውና ጫማቸው ነው። ካፖርቱ ምስማሩ ላይ ቀርቷል አልኩ በሆዴ። ፊት ካለው ወንበር አስቀምጫቸው ወደ መጋረጃው ጀርባ ሄድኩ።

ከዚያ መብራት ሄደ። የትርኢቱን ሐሳብ በማይክሮፎን የሚያስረዳ ልጅ ነበር፤ ማይክሮፎኑ አብሮ ሞተ። ልጁ በባዶ ድምፁ ትንሽ ተናገረ፤ ከኋላ ያለው አልሰማ፤ ከፊት ያለው ደግሞ ጆሮው አልያዘለትም። በመስኮቱ የጉም ብርሃን ገባ፤ ግራጫ፣ ጥላ የሌለው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እንዲያውም እሰየው አልኩ። ያ ብርሃን ለልብሶቼ የተፈጠረ ይመስል ነበር። የመጀመሪያውን ልጅ ትከሻውን ነካ አድርጌ «ሂድ» አልኩት።

ወጡ። አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው፣ ሳይስቁ፣ በጥቁሩ ላይ ነጩ እየወረደ፣ ጥለቱ አንገታቸው ላይ። አዳራሹ ጸጥ አለ። የጨርቁ ድምፅ ተሰማ፤ ጉም ድምፅ ቢኖረው እንደዚያ ያለ ነበር የሚሆነው። ይህን ያህል ዘመን ያሰብኩት ነገር ዓይኔ እያየ ይራመዳል። እምባዬ መጣ።

እምባ የመጣው ግን ለእኔ ብቻ አልነበረም። ከፊት ወንበር አንዲት ትልቅ ሴት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንሰቀሰቁ። አጠገባቸው ያሉት ሴቶችም ነጠላቸውን አዟዟሩ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ አንዱ ሌላውን እየደገፈ፣ ተነሡ። ባርኔጣ የነበረው ባርኔጣውን አወለቀ። አንድ አዛውንት ወደ መጀመሪያው ልጅ ቀርበው እጁን ያዙና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ልጆቼ» አሉት። ልጁ አትሳቅ ስላልኩት አይስቅም፤ አትናገር ያልኩት መስሎት አይናገርም። ፊቱን አጥቁሮ ቆሟል። አዛውንቱ ይህን ሲያዩ ይብስ አዘኑ።

«ምነው፣ ማን ሞተባችሁ?»

ያን ጊዜ ጥለቱን አየሁት። እንደ ልብስ ሰፊ ሳይሆን ደጅ እንደቆመው ልጅ አየሁት። ምድር ብትከፈት እገባ ነበር። ሰው ሁሉ ቆሟል። ከኋላ ያሉት ተማሪዎች ይስቁ ይዘኑ ቸግሯቸዋል። አንድ ሰው ወጥቶ መናገር አለበት፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ ነኝ። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። «ይቅርታ፣ ጥለቱ፣ ማለቴ ጨርቁ…» ብዬ ጀመርኩ፤ ንግግሬ ተበታተነብኝ። ትናንት የፈታሁት የካፖርት ገበር እንኳ ከዚያ የተሻለ ቅርጽ ነበረው።

ዓይኔ አባቴን ፈለገ። እሳቸውም ቆመዋል። እጃቸው ከኩታው ሥር ወጥቶ የኩታቸውን ጫፍ ያዘ። ጥለቱን ወደ አንገታቸው ሊያዞሩት ነው፤ አባቴም ለሥራዬ ለቅሶ ሊቀመጡ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

ኩታው ግን ወደ ላይ አልሄደም። ወረደ። ከቀኝ ትከሻቸው ወረደ፣ ከግራውም ወረደ፤ ወገባቸው ላይ ዞሮ ታጠቁት። ትከሻቸው ተገለጠ። ትከሻቸው ላይ ካፖርቱ ነበር። ግራጫው፣ ኮሌታ የሌለው፣ በግራ በኩል ዝቅ ብሎ የሳቸውን ትከሻ ተከትሎ የሚወርደው። በጉሙ ብርሃን ከዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደ እሱ ያማረ ልብስ አልነበረም። አባቴ እጃቸውን ልቅቅ አድርገው፣ አደግድገው፣ ወደ እኔ እያዩ ቆሙ።

አዛውንቱ ዞር ብለው «ማን ሞቶባቸው ነው?» አሏቸው።

«ማንም አልሞተ» አሉ አባቴ። «ልጄ ነው። ልብስ ሰፊ ነው።»

አዳራሹ ጸጥ እንዳለ ነበርና ሁሉም ሰማ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ከዚያ ሳቁም፣ ጭብጨባውም፣ የሴቶቹ እልልታም ተቀላቀለ። ያለቀሱት እናት «አየ ጉድ! ታዲያ ምነው ፈገግ ቢሉ?» ብለው እየሳቁ እምባቸውን ጠረጉ። ከዚያ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። አልቅሻለሁ፤ እሱን አስታውሳለሁ።

አባቴን ወደ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ጭቃውን እየመረጥን ቀስ ብለን ሄድን። «እንዴት ለቅሶ እንዳልሆነ አወቁ?» አልኳቸው።

«የልብሶቹን ትከሻ አይቼ ነዋ» አሉ። «የዚህ ካፖርት ትከሻ ነው።» ትንሽ ሄድ ብለው ደግሞ፣ «ኪስ ግን ቢኖረው ጥሩ ነበር» አሉኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሲገቡ ኩታቸው ወገባቸው ላይ እንደታጠቀ ነበር። ይበርድዎታል፣ ይፍቱት ልል አሰብኩና ተውኩት። መኪናው ወደ ሮብ ገበያ መንገድ ዞረና ጉሙ ዋጠው።

በማግሥቱ ባልደረባዬ ከደሴ ስትመለስ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። «ሱቁን ለቅቄ ብሄድ ከተማውን ለቅሶ አስቀመጥከው!» ብላ መኪናዋ ላይ ተደፍታ ሳቀች። እኔ ግራጫ ባና ዘርግቼ ከስፌቱ መስመር ውስጥ ተደብቆ የሚቀር ኪስ እየቆረጥኩ ነበር። ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

«ምነው ልጄ፣ ከተማችሁ ጳጳስ መጥቶ ነበር ወይ?»

«ኧረ አልመጣም፣ እማየ።»

«አባትህን ትናንት ደጅ ቆሜ ስጠብቃቸው ከጉሙ ውስጥ አደግድገው መጡ። እስከ ደጅ ድረስ አልፈቱትም። ከማን ዘንድ ውለው ነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ ‹ከልጄ ዘንድ› አሉኝ።»